ክሩዝ ከባልቲሞር፣ ከማያሚ ወይስ ከሲያትል? ከመክፈላችሁ በፊት

ለክሩዝ፣ ለመርከብ ሽርሽር፣ ልንሳፈር ስንል የእናቴ የኤሌክትሪክ ምድጃ ባልቲሞር ወደብ ላይ ተያዘች። ትንሽዬ ናት፤ ለቡና ብቻ የምትሆን። በነጠላ ጠቅልላ ሻንጣዋ ሥር ነበር የቀበረቻት። ፈታሹ አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣት። ቀጥሎ ማጨሻውን፣ ከዚያ ዕጣኑን አወጣ። ዕጣኑን አሽትቶ ፈገግ አለና "ስትመለሱ ትወስዱታላችሁ" ብሎ ወረቀት ሰጠን። ጀበናዋን ግን ለቀቃት። እሳት የሌለው ጀበና ምን ይሠራል?

"ሰባት ቀን ያለ ቡና?" አለችኝ እናቴ።

ሁለት ወር ሙሉ ዋጋ ሳወዳድር ነበር። የመርከብ ፎቶ ሳይ፣ ቪዲዮ ስከፍት አመሸሁ። ማንን ይዤ እንደምሄድ ግን አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላሰብኩም። እሳት የሚያነድም ሆነ የሚያሞቅ ነገር፣ ሻማና ዕጣን ጭምር፣ መርከብ ላይ እንደማይፈቀድ የከፈልኩበት ድረ ገጽ ላይ ተጽፎ ነበር። ማን ያነበዋል!

ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄደናል። አንዴ ከማያሚ፣ ከልጆቹና ከእህቴ ቤተሰብ ጋር። አንዴ ከሲያትል ወደ አላስካ፣ ከባለቤቴ ጋር ብቻ። አሁን ዲሲና አካባቢዋ ያለ ዘመድ ወዳጅ ክሩዝ ሲያስብ እኔ ጋ ይደውላል። "የቱ ይሻላል?" ይለኛል። እኔም መልሼ "ማንን ይዘህ ነው?" እለዋለሁ። ጉልበቷን የሚያማት፣ ረቡዕና ዓርብ የምትጾም እናት፣ ስምንት ዓመት የሞላው ልጅና አዲስ ተጋቢዎች አንድ ዓይነት መርከብ አይስማማቸውም። የዋጋው ነገር ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ወረቀት

ይኼ አሰልቺ ነው፤ ግን ወደብ ላይ ከመመለስ ይሻላል።

ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ እዚያው ወደብ በሚመለስ ጉዞ ላይ የአሜሪካ ዜጋ በልደት ሰርተፍኬትና በመንጃ ፈቃድ መሄድ ይችላል። እኔ ግን ፓስፖርት ያዙ ነው የምለው። አንድ ሰው መንገድ ላይ ታሞ ደሴት ላይ ቢወርድ፣ ያለ ፓስፖርት በአውሮፕላን መመለስ ሌላ ጣጣ ነው።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ካርዱንና ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርቱን ይያዝ። ባሃማስ፣ ሜክሲኮና ካናዳ ግሪን ካርድ ላለው ቪዛ አይጠይቁም። ሁሉም ደሴት ግን እንደዚያ አይደለም። መርከቡ የሚቆምበትን እያንዳንዱን አገር ለየብቻ አጣሩ። "መርከቡ ላይ ብቀመጥስ?" የሚለው መልስ አይሠራም። መርከቡ ለሚቆምበት አገር ቪዛ የሚያስፈልገው ሰው ቪዛ ከሌለው፣ ገና ከመነሻው ሊከለክሉት ይችላሉ።

የጥገኝነት ማመልከቻችሁ ገና መልስ ያላገኘ ከሆነ ደግሞ ከጠበቃችሁ ጋር ሳትነጋገሩ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። መርከቡ የባሃማሷ ናሶ ደርሶ ቢመለስም ከአሜሪካ እንደወጣችሁ ነው የሚቆጠረው። አስቀድሞ የመመለሻ ፈቃድ ሳይዙ መውጣት ማመልከቻውን እንደተዉት ያስቆጥራል። ጊዜያዊ ጥበቃ፣ ቲፒኤስ የምንለው ላይ ያላችሁም እንደዚሁ ፈቃዱን አስቀድሙ። ለሰባት ቀን ሽርሽር የዓመታት ጉዳይ አይበላሽም።

የስም ነገርም አለ። በእኛ ፓስፖርት ላይ የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል። እኔ የእናቴን ትኬት በእሷና በአባቷ ስም ቆረጥኩት። መነሻው አምስት ቀን ሲቀረው ነው ያየሁት። ስልክ ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ሙዚቃ አዳመጥኩ፤ ተስተካከለልኝ። እናንተ ፓስፖርቱን ፊታችሁ ዘርግታችሁ፣ ፊደል በፊደል ጻፉት።

ባልቲሞር ወይስ ማያሚ

ለሜሪላንድ፣ ለቨርጂኒያና ለዲሲ ሰው ትልቁ ምርጫ ይኼ ነው።

የባልቲሞር ጥቅሙ መኪና ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስታችሁ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ወደቡ ላይ ናችሁ። የአውሮፕላን ትኬት የለም። የሻንጣ ክብደት የለም። እናቴ በአውሮፕላን ጣቢያ ረጅም ኮሪደር መሄድ አትችልም፤ እዚህ ግን መኪናው በር ላይ አውርዷት ወንበር ቀረበላት። አራት ሰው ከሆናችሁ የአውሮፕላኑን ገንዘብ ብቻ ደምሩት። ብዙ ጊዜ አንድ ሰው በነፃ እንደሄደ ያህል ነው።

ጉዳቱስ? አንደኛ፣ መርከቦቹ አነስ ያሉ ናቸው። ከባልቲሞር ወደ ውቅያኖስ ለመውጣት በቼሳፒክ ቤይ ድልድይ ሥር ማለፍ ግድ ነው። የዘመኑ ግዙፍ መርከቦች ቁመታቸው ከድልድዩ በላይ ስለሆነ እዚህ አይደርሱም። ሌላው የምናውቀው ድልድይ፣ ፍራንሲስ ስኮት ኪ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 26 ቀን 2024 ዳሊ የምትባል የጭነት መርከብ ገጭታው ሲወድቅ ወደቡ ተዘግቶ የክሩዝ መርከቦቹ ለጊዜው ወደ ኖርፎክ ሄደው ነበር። አሁን ከባልቲሞር ይነሳሉ። በእነዚህ መርከቦች ላይ የሚሄደው 2,000 ገደማ ሰው ነው። ለእናቴ ይኼ ጉዳት ሳይሆን ጥቅም ሆነ። በሁለተኛው ቀን የአሳንሰሩን ቦታ ለየች፤ በሦስተኛው ቀን አስተናጋጁ በስሟ ጠራት።

ሁለተኛው ጉዳት መንገዱ ነው። ፀሐይ አገር እስክትደርሱ ብዙ ይሄዳል። ከሰባቱ ሌሊት ብዙውን ጊዜ ሦስት ቀን ያህል ባሕር ላይ ብቻ ነው የምታሳልፉት። በጥር ከሄዳችሁ የመጀመሪያው ቀን መዋኛ ገንዳው ዳር የሚቀመጠው ጃኬት የለበሰ ሰው ነው።

ሦስተኛው ኬፕ ሃተራስ ነው። ሰሜን ካሮላይና ፊት ለፊት ያለ የባሕር ክፍል ነው። ብዙ መርከብ ስለሰጠመበት "የአትላንቲክ መቃብር" ይሉታል። አትደንግጡ፤ ዛሬ መርከብ እዚያ የሚሰጥም ሆኖ አይደለም። ግን ያንገላታል፤ በተለይ በብርዱ ወራት። በሁለተኛው ሌሊት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው መስቀያ ከወዲያ ወዲህ ቋ፣ ቋ ይል ጀመር። እናቴ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች። ወንድሜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ስለ እሱ ባላወራ ይሻላል። እንግዳ መቀበያው ጋ ሄጄ ስጠይቅ አረንጓዴ ፖምና ደረቅ ብስኩት ሰጡኝ፤ የማቅለሽለሽ ክኒንም ነበራቸው። ክኒኑ የሚጠቅመው ከመንገላታቱ በፊት ሲወሰድ ነው። የደም ግፊትም ሆነ ሌላ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ ግን ሐኪሙን ከቤት ሳይወጣ ይጠይቅ።

ማያሚ ሌላ ዓለም ነው። ወደቡ ራሱን የዓለም የክሩዝ ዋና ከተማ ይላል፤ ግዙፎቹ መርከቦች ያሉት እዚያ ነው። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ከዚያ የሚነሳው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ ሁሉም አልጋ ከሞላ 7,600 መንገደኛ ይይዛል። ሠራተኛው ሳይቆጠር ነው። 20 ፎቅ ነው። ውሃ መንሸራተቻ፣ የበረዶ ሸርተቴ መድረክ፣ ዛፍ የተተከለበት መናፈሻ አለው። እኛ የሄድንበት ከእሱ ያንሳል፤ ቢሆንም የእህቴ ልጅ ሰባት ቀን ውስጥ ጨርሶ ማየት አልቻለም። ፀሐዩም ወዲያው ነው። ማታ ተነስታችሁ ጠዋት ባሃማስ ትነቃላችሁ።

ልጆች ካሏችሁ ማያሚ ወይም ጎረቤቷ ፎርት ሎደርዴል በግልጽ ይሻላሉ። የልጆች ክበቡ ነፃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ዓመት ጀምሮ፣ ዳይፐር የተወ ልጅ ይቀበላሉ፤ እስከ ምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ይይዙላችኋል። እኔና እህቴ ከስንት ዓመት በኋላ ተቀምጠን ሳንቋረጥ ያወራነው እዚያ ነው። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ግን አይወስዱም። እርጉዝ ሴትም ጉዞው ሳያልቅ 24ኛ ሳምንቷ ውስጥ የምትገባ ከሆነ አትሳፈርም። ይኼን ሳያውቁ ከፍለው የቀሩ ሰዎች አውቃለሁ።

የማያሚ ወጥመድ አውሮፕላኑ ነው። መርከብ አይጠብቅም። በዚያው ቀን ጠዋት በርሬ እደርሳለሁ አትበሉ፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ። የሆቴሉንና የታክሲውን ወጪ ከመጀመሪያው ደምሩት። እንደዚያ ስትደምሩት "የማያሚው በ200 ዶላር ይረክሳል" ያላችሁት ብዙ ጊዜ እኩል ይሆናል።

ወቅቱንም እዩ። ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ኦገስት መጨረሻና ሴፕቴምበር ዋጋው የሚወርደው ያለ ምክንያት አይደለም። መርከቡ ማዕበሉን ይሸሻል፤ ግን ሜክሲኮ ልሄድ ብላችሁ ባሃማስ ልትደርሱ ትችላላችሁ። ወደብ ቢቀየር የወደቡን ታክስ እንጂ ሌላ ገንዘብ አይመልሱም። ውሉ ላይ አለ። የትም ቢደርስ ግድ ለማይሰጠው ሰው ርካሽ ነው፤ አንድ ደሴት ብቻ አስቦ ለሚሄድ ግን ርካሽ አይደለም።

አላስካ፣ ውዱ

አላስካ በዋጋ ከሁለቱም ይበልጣል። እኔ ደግሜ የምሄድበት ግን እሱ ነው። አድልዎ ነው፣ አውቃለሁ።

ወቅቱ ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ነው። ሜይና ሴፕቴምበር ይረክሳል፤ ብርድ አለው። ኬቺካን የምትባለዋ ከተማ ደግሞ በማንኛውም ወር ዝናብ አታጡባትም። ጃንጥላ ሳይሆን ኮፍያ ያለው የዝናብ ጃኬት ያዙ። ጁኖ የግዛቱ ዋና ከተማ ናት፤ ሆኖም በመኪና የሚያደርስ መንገድ የላትም። ወይ በአየር ወይ በባሕር ነው። ስካግዌይ ላይ ደግሞ በ1890ዎቹ መጨረሻ ለወርቅ ፈላጊዎች የተዘረጋው የዋይት ፓስ ባቡር አለ። ጠርዙ ላይ ሲሄድ ከመስኮቱ ወደ ታች ማየት ለፈሪ አይደለም።

እዚህ ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው መነሻው ነው። ከሲያትል የሚነሳው እዚያው ይመልሳችኋል፤ ትኬቱ ቀላል ነው። መንገዱ ግን ብዙ ጊዜ ከቫንኩቨር ደሴት ውጭ በክፍቱ ፓስፊክ ነው፤ ይንገላታል። ከካናዳዋ ቫንኩቨር የሚነሳው በደሴቶቹ መካከል በተከለለው ውሃ ይሄዳል፤ ረጋ ያለ ነው፣ ዕይታውም ይበልጣል። በነገራችን ላይ የሲያትሉ መርከብ ብዙ ጊዜ አመሻሹ ላይ በካናዳዋ ቪክቶሪያ ጥቂት ሰዓት የሚቆመው ለከተማዋ ፍቅር ብሎ አይደለም። በ1886 የወጣ የአሜሪካ ሕግ አለ። በሌላ አገር ባንዲራ የሚሄድ መርከብ ከአሜሪካ ወደብ ተነስቶ ወደ አሜሪካ ወደብ ሲመለስ መሐል ላይ የውጭ አገር ወደብ መንካት አለበት። ብዙዎቹ የክሩዝ መርከቦች ደግሞ ባንዲራቸው የባሃማስ ወይም የፓናማ ነው። ስለዚህ ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ ለካናዳ ካርዱንና ፓስፖርቱን እዚህም አትርሱ።

ሁለተኛው በረዶው ነው፤ ግሌሸር የሚሉት የበረዶ ግግር። ሁሉም የአላስካ ጉዞ ግሌሸር ቤይ አይገባም። ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ በቀን ከሁለት በላይ የክሩዝ መርከብ አይፈቀድም። ከመክፈላችሁ በፊት በዝርዝሩ ላይ የግሌሸሩን ስም ፈልጉ። ግሌሸር ቤይ ከሆነ የፓርኩ ጠባቂዎች መርከቡ ላይ ወጥተው በድምፅ ማጉያ ያስረዳሉ። እኛ ጠዋት በብርድ ልብስ ተጠቅልለን በረንዳችን ላይ ቆመን ነበር። መርከቡ ሞተሩን አቀዝቅዞ ቆመ። ዝም። ከዚያ ከሩቅ የነጎድጓድ ድምፅ መጣ፤ ስናይ ግን በረዶው ቀድሞ ወድቋል። ድምፁ ኋላ ነው የሚደርሰው። ባለቤቴ "ቀጣዩን አየዋለሁ" ብላ ዓይኗን ሳትነቅል ሻዩ ቀዘቀዘ።

ገንዘቡን የሚበላው ከመርከብ ስትወርዱ ነው። ዓሣ ነባሪ ለማየት ለአንድ ሰው ከ100 ዶላር በላይ፣ በሄሊኮፕተር በረዶ ላይ ለመውረድ በርካታ መቶ ዶላር ይጠይቃል። እኛ አንዱን ብቻ መረጥን፤ ዓሣ ነባሪውን። ሜንደንሆል የሚባለውን ግሌሸር ግን ከጁኖ በአውቶቡስ ሄደን በእግራችን አየን።

ሜዲትራኒያንና ባሕረ ሰላጤው

በአጭሩ። ከአሜሪካ የሚሄድ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ለሜዲትራኒያን ሸንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ግሪን ካርድ እዚህ አያድንም። መርከቡ ቱርክ ደርሶ ግሪክ የሚመለስ ከሆነ ቪዛው ለብዙ ጊዜ መግቢያ ይሁን። "ሮም" የሚለው ወደብ ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ይርቃል። "ቬኒስ" የሚለውም ቬኒስ ላይሆን ይችላል፤ ከኦገስት 2021 ጀምሮ ትልልቅ መርከቦች መሐል ከተማው ውስጥ አይገቡም። ሜዲትራኒያን ከተማ ለማየት ነው እንጂ መርከብ ለመዝናናት አይደለም። በየቀኑ ጠዋት መውረድ፣ በፀሐይ መሄድ አለ። እናቴን አልወስዳትም።

ዱባይና ጅዳ ያላችሁ ወገኖች፣ መርከቦቹ በብዛት የሚመጡት ሙቀቱ ሲበርድ፣ ከኖቬምበር እስከ ማርች ነው። በዲሴምበር 2024 ከጅዳ ሥራ የጀመረው አሮያ አልኮል የለውም። ከመጠጥ ርቆ ከቤተሰብ ጋር መሄድ ለሚፈልግ የሙስሊም ቤተሰብ ይኼ ያልተለመደ ምርጫ ነው።

ክፍሉ

ሦስት ዓይነት ነው፦ መስኮት የሌለው፣ መስኮት ያለው፣ በረንዳ ያለው። ሻጮቹ በረንዳውን ይገፋሉ። እኔ እንደ መንገዱ ነው የምለው።

አላስካ ከሆነ በረንዳ ውሰዱ፤ ሌላ ወጪ ቀንሱ። ማያሚ ከልጆች ጋር ከሆነ ክፍሉ ለመኝታ ብቻ ነው፤ መስኮት የሌላቸው ሁለት ክፍሎች ፊት ለፊት ቢሆኑ ከአንድ በረንዳ ይሻላሉ። ባልቲሞር ከእናት ጋር ከሆነ መስኮት። ይኼን የተማርኩት በእናቴ ላይ ነው። መስኮት የሌለው ክፍል መብራት ሲጠፋ ጨለማው ድፍን ነው። እናቴ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተነስታ ነጋ መስሏት ለብሳ ቁጭ ብላ አገኘኋት። ከዚያ በኋላ ቴሌቪዥኑ ላይ የመርከቡን ፊት የሚያሳየውን ካሜራ ድምፁን አጥፍተን ከፍተን አደርን። ሲነጋ ስክሪኑ ይነጋል። ይሠራል፤ ግን መስኮት አይሆንም።

የሚያቅለሸልሸው ሰው ካለ ዝቅ ያለ ፎቅና የመርከቡ መሐል ይምረጥ። ላይኛው ፎቅ፣ በተለይ ወደ መርከቡ ፊት ያለው፣ በጣም ይወዛወዛል። ዋጋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ላይኛው ነው የሚበልጠው። ሞኝነት ነው፤ ግን ለእኛ ይጠቅመናል። ክፍሉ ከዲስኮው ሥር እንዳይሆን ካርታውን እዩ።

ብቻችሁን ከሆናችሁ ተዘጋጁ። ዋጋው የሚጻፈው ለሁለት ሰው ተከፍሎ ነው፤ ለብቻው የሚተኛ የሁለት ሰው ያህል ይከፍላል። በአንድ ክፍል ሦስተኛና አራተኛ የሚሆን ሰው ደግሞ በጣም ይረክስለታል።

ምግብና ጾም

በጾም ወቅት ክሩዝ ይቻላል። ግን ቡፌው ላይ አትመኩ፤ ሰላጣና ድንች ታበዛላችሁ። ወደ ዋናው ምግብ ቤት ግቡና በመጀመሪያው ማታ ለአስተናጋጁ "ቪጋን" በሉት። "ቬጀቴሪያን" ካላችሁ ቅቤና አይብ ይመጣል። ብዙ መርከቦች ላይ የህንድ የአትክልት ምግብ ይሠራሉ፤ የወጥ ቤቱ ሰው ብዙዎቹ ህንዶች ናቸው። ያለ ቅቤ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። በሁለተኛው ቀን ለእናቴ ምስር መጣላት። ቀመሰችው፣ ዝም አለች፣ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አወጣች። "አሁን ሆነ" አለች። ከዚያ በኋላ አስተናጋጁ በየማታው የነገውን ዝርዝር ይዞላት ይመጣ ነበር።

የታሸገ ደረቅ ነገር ያስገባሉ። በቤት የተሠራ ምግብ ግን ብዙዎቹ አያስገቡም፤ እንጀራውን ተዉት። ሃላል የምትፈልጉ ከሳምንታት በፊት በስልክ አስመዝግቡ። መርከቡ ላይ ደርሶ መጠየቅ ዘግይቷል።

መደበኛ ልብስ የሚለበስበት ምሽት ይኖራል። ቱክሲዶ አትከራዩ። እናቴ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ወረደች፤ ፎቶ አንሺዎቹ ሌላውን ሰው ትተው እሷን ከበቧት። ፎቶው በነፃ እንዳልሆነ የነገርኳት ከአምስተኛው በኋላ ነው።

ገንዘቡ በእውነት ስንት ነው?

ማስታወቂያው ላይ "ከ499 ዶላር ጀምሮ" ይላል። ታክሱና የወደቡ ክፍያ ተደምሮ እንደሆነ እዩ፤ ካልተደመረ 150 ዶላር ያህል ጨምሩ። ጉርሻው አለ፤ በብዙዎቹ ላይ ለአንድ ሰው በቀን ከ16 እስከ 20 ዶላር ራሱ ይቆረጣል፣ በአንዳንዶቹ ለሕፃንም ሳይቀር። በ17 ዶላር ብናስበው ለሰባት ሌሊት 119 ዶላር ነው። ሲደመር 768። ሁለት ሰው 1,536 ዶላር። ገና ዋይፋይ፣ መኪና ማቆሚያና ከመርከብ ወርዶ የሚወጣው አልገባም። ሁለት መርከብ ስታወዳድሩ ይኼን ድምር አወዳድሩ እንጂ 499ኙን አይደለም።

የመጠጥ ፓኬጅ ብዙ ሰው የሚቃጠልበት ነው። በቀን 70 ዶላር ነው እንበል፤ 18 በመቶ ጉርሻ ይጨመርበታል። አንድ ኮክቴል 14 ዶላር ከነጉርሻው ከሆነው ጋር ስታነጻጽሩት፣ ለመካካስ ብቻ በየቀኑ ስድስት መጠጣት አለባችሁ። ወደብ ላይ የምትውሉበትንም ቀን ጨምሮ። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ አንዱ ከገዛ በዚያ ክፍል ያለ አዋቂ ሁሉ መግዛት ግዴታው ነው። ወንድሜ ሊገዛ ሲል የእናቴም ሂሳቡ ላይ ተጨመረ፤ ውሃ ለምትጠጣ ሴት! ወዲያው ተወው። ብዙ መርከቦች በመነሻው ቀን ለአንድ አዋቂ አንድ የታሸገ ወይን ያስገባሉ። በቤት የተጣለ ጠጅ አይሞከርም።

ስልኩን መርከቡ ሳይነሳ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት። የወንድሜ ስልክ ባሕር ላይ የመርከቡን ሳተላይት ይዞ አደረ፤ አንድ ጥሪ አላደረገም፣ ሂሳቡ ግን መጣ። ቅሬታ ጽፎ ከግማሽ በላዩን ከፍሏል።

ወላጅ ይዛችሁ ከሆነ የጉዞ ኢንሹራንስ አትዝለሉ። ሜዲኬር፣ የአሜሪካ መንግሥት የአዛውንቶች የጤና መድን፣ መርከቡ ከአሜሪካ ወደብ ከስድስት ሰዓት በላይ ከራቀ በኋላ መርከብ ላይ የተደረገ ሕክምና አይከፍልም። የመርከቡ ሐኪም ደግሞ ሂሳቡን የሚጽፈው በክፍላችሁ ቁጥር ላይ ነው።

መውረድና መመለስ

ወደብ ላይ መርከቡ የሚሸጠውን ጉብኝት ልግዛ ወይስ ራሴ ልውጣ? የራስ መውጣት ይረክሳል። ልዩነቱ ይኼ ነው፤ የመርከቡ ጉብኝት ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፣ እናንተ ብትዘገዩ ይሄዳል። ቅርብ ከሆነ፣ ናሶ ላይ እንደምታደርጉት በእግር ደርሳችሁ የምትመለሱበት ከሆነ፣ ራሳችሁ ውጡ። ሁለት ሰዓት የሚያስኬድ ከሆነ የመርከቡን ግዙ። ጉልበት ለሚያመው ሰው አንድ ነገር አጣሩ፦ መርከቡ ወደቡ ላይ ይጠጋል ወይስ በትንሽ ጀልባ ነው የምትወርዱት? ግራንድ ኬይማን ላይ ለምሳሌ በጀልባ ነው። ለእናቴ ያቺ ጀልባ ትከብዳት ነበር።

ሰዓት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። "የመጨረሻው መግቢያ 4፡30" ተባለ። እናቴ ከወንድሜ ጋር ወረደች። በራሷ ሰዓት አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን፣ ገና ጠዋት፣ ገበያውን ጥላ ወንድሜን እየጎተተች መጣች። በሩ ላይ የቆመው ልጅ "እማማ፣ ገና ስድስት ሰዓት አለዎት" ሊላት ሞከረ፤ አልገባትም። የሐበሻ ሰዓት በሕይወቷ አንዴም አላስረፈዳት።

አሁን ለሚቀጥለው ዓመት ራሷ መርጣለች። እንደገና ከባልቲሞር፣ ምክንያቱም በር ላይ ወንበር ቀርቦላታል። መስኮት ያለው ክፍል፣ ዝቅ ያለ ፎቅ፣ መሐል ላይ። ጊዜውን ደግሞ እኔ ያላሰብኩትን አሰበች፦ ከፋሲካ በኋላ ባለው በበዓለ ኃምሳ። ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ሃተራስም በዚያ ጊዜ ከጥር ይሻላል፣ አውሎ ነፋሱም ገና ነው። ምድጃዋን ቤት ትታለች። ቡናውን አስቀድማ ወቅጣ፣ ጀበናዋን በነጠላ ጠቅልላ አዘጋጅታለች። የፈላ ውሃ የሚሰጣትን ልጅ በስሙ ታውቀዋለች።